ኩበርግ፦ የአፍሪካ ብቸኛው የኒውክሌር ማመንጫ

ከኬፕታውን ወደ ሰሜን 30 ኪሎሜትር ገደማ ስትሄዱ አትላንቲክ ዳር ሁለት ግዙፍ ክብ የኮንክሪት ህንጻዎች ይታያሉ፣ ኩበርግ ማለት እሱ ነው። አፍሪካ ውስጥ እስካሁን መብራት የሚሰጥ የኒውክሌር ጣቢያ ይሄ ብቻ ነው፣ ግብፅም ኤል ዳባ ላይ እየገነባች ነው። የሰሩት ፈረንሳዮች ናቸው፣ ባለቤቱ የደቡብ አፍሪካ መንግስት የመብራት ድርጅት ኤስኮም ነው፣ አንደኛው ሪአክተር (የኒውክሌር ሙቀቱ የሚፈጠርበት ክፍል) በ1984 ሁለተኛው በ1985 እ.ኤ.አ. መብራት መስጠት ጀመሩ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ከ1,800 ሜጋዋት በላይ ያመነጫሉ፣ ይሄም ከአገሪቱ መብራት 5 ፐርሰንት አካባቢ ነው።

ለምን እዛ ተሰራ ካላችሁ፣ የደቡብ አፍሪካ የድንጋይ ከሰል ያለው ከኬፕታውን ከሺህ ኪሎሜትር በላይ ርቆ ነው፣ ባህሩ ደግሞ ደጃፍ ላይ ነው። ሪአክተሩ ውስጥ ያለው ውሃ ከ300 ዲግሪ በላይ ይሞቃል ግን ግፊቱ ከባድ ስለሆነ አይፈላም፣ ሙቀቱን በቧንቧ ግድግዳ በኩል ለሌላ ውሃ ይሰጠዋል፣ ያኛው እንፋሎት ሆኖ ተርባይኑን ያዞራል፣ የባህሩ ውሃ ደግሞ እንፋሎቱን ያቀዘቅዛል። ሦስቱ ውሃዎች አይቀላቀሉም።

ስለ ኒውክሌር ሲወራ ሰው ሁሉ ቶሎ ቸርኖቤልን ነው የሚያነሳው። ፍርሃቱ ይገባኛል፣ ግን ኩበርግን ደጋግሞ ያስቸገረው ጥገና ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጄነሬተር ውስጥ የቀረ አንድ ቡሎን፣ አዎ አንድ ቡሎን፣ ማሽኑን ከውስጥ በላው፣ መለዋወጫው ከፈረንሳይ በመርከብ እስኪመጣ ኬፕታውንና አካባቢው በ2006 ለወራት መብራት ሲጠፋባቸው ከረሙ። ከዛ ደግሞ ከ300 ቶን በላይ የሚመዝኑት የእንፋሎት ማመንጫዎች አርጅተው መቀየር ነበረባቸው፣ የመጀመሪያው ሪአክተር በታህሳስ 2022 እ.ኤ.አ. ለስድስት ወር ተብሎ ተዘጋ፣ የተመለሰው በህዳር 2023 ነው፣ እሱም ሎድ ሼዲንግ (መብራት በፈረቃ መቁረጥ) አገሩን ባመሰበት አመት! እዛ ሱቅ ያላቸው ወገኖቻችን ያስታውሱታል፣ በቀን ስንት ሰአት ፍሪጁ ጠፍቶ ወተቱና ስጋው ሲበላሽ።

ጥገናው አልቆ ግን ፈቃዱ በ20 አመት ተራዘመ፣ አንደኛው እስከ 2044 ሁለተኛው እስከ 2045 እ.ኤ.አ.። ከ40 አመት በላይ ጭስ ሳያወጣ፣ ድርቅም ሆነ ንፋስ ሳያስጨንቀው ሌት ተቀን የሚሰራ ጣቢያ ቀላል ነገር አይደለም። ኢትዮጵያም በመስከረም 2018 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ ከሩሲያ ጋር ለኒውክሌር ጣቢያ የድርጊት መርሃ ግብር ስለተፈራረመች፣ ከግንባታው ወጪ እኩል የጥገና ባለሙያውና የመለዋወጫው ጉዳይ ከአሁኑ ቢታሰብበት እላለሁ።

ቆሻሻውስ? ጓንቱ፣ የስራ ልብሱ፣ ያገለገለው እቃ በብረትና በኮንክሪት በርሜል ታሽጎ በመኪና ሰሜን ኬፕ ውስጥ ቫልፑትስ የሚባል በረሃማ ቦታ ሄዶ ይቀበራል። ያገለገለው ነዳጅ ግን ሌላ ነው፣ ጥልቅ ገንዳ ውስጥ ለአመታት ይቀዘቅዛል፣ ገንዳው ሲጣበብ ወደ ወፍራም የብረት ማሸጊያ ይዛወራል፣ ቋሚ መቅበሪያ እስካሁን ስላልተሰራለት ከ1984 ጀምሮ የተጠራቀመው እዛው ኩበርግ ግቢ ውስጥ ነው ያለው።