«አጠራጣሪ ፓፓ፣ ፓፓ አይደለም»

በላቲን «ፓፓ ዱቢዩስ፣ ፓፓ ኑሉስ» የሚባለው ይህ አባባል፣ የሹመቱ ትክክለኛነት በእርግጥ የማይታወቅ የሮም ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት እንዳልተሾመ ይቆጠራል ማለት ነው። ዛሬ ደጋግመው የሚጠቅሱት ከሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ (1962–1965 እ.ኤ.አ.) ወዲህ የተነሡትን ፓፓዎች የማይቀበሉ፣ «መንበሩ ባዶ ነው» የሚሉ ወግ አጥባቂ ካቶሊኮች ናቸው፤ ሐሳቡ የበሰለው ግን በሌላ ጭንቅ ውስጥ ነው።

በ1378 ፓፓውን የሚመርጡት ካርዲናሎች ሮም ላይ ኡርባን 6ኛን ከመረጡ በኋላ፣ ወራት ሳይቆዩ «ሕዝቡ አስፈራርቶን ነው» ብለው ክሌመንት 7ኛን ሾሙ። በ1409 ደግሞ ክፍፍሉን ሊያበቃ ፒሳ ላይ የተሰበሰበው ጉባኤ ሌላ ሰው ስለ መረጠ፣ ሁለት የነበሩት ባለ መንበሮች ሦስት ሆኑ። «ቀዳሚው መንበር (የሮም መንበር) በማንም አይዳኝም» የሚል የቆየ ሕግ ስላለ፣ ከሦስቱ አንዱ እውነተኛ ቢሆን ማን ደፍሮ ያወርደዋል? አባባሉ መውጫ የሰጠው እዚህ ላይ ነው፤ ሦስቱም አጠራጣሪ ከሆኑ፣ የተዳኘው ፓፓ አይደለምና ሕጉ አልተጣሰም። ክፍፍሉን ለመፍታት የተጠራው የኮንስታንስ ጉባኤ ከሦስቱ ሁለቱን ሻረ፣ ሦስተኛው ጎርጎርዮስ 12ኛ በፈቃዱ ለቀቀ፣ በ1417ም ማርቲን 5ኛ ተመረጠ። ኋላ ካርዲናል ሮቤርቶ ቤላርሚኖ ሐሳቡን በጽሑፉ አጸናው።

«መንበሩ ባዶ ነው» ባዮቹ ብዙውን ጊዜ የመጨረሻው እውነተኛ ፓፓ በ1958 ያረፉት ፒዩስ 12ኛ ናቸው ይላሉ፤ ቬትናማዊው ሊቀ ጳጳስ ንጎ ዲን ቱክም በ1982 መንበሩ ባዶ መሆኑን በይፋ አውጀዋል። (በሊቀ ጳጳስ ማርሴል ለፌቭር የተመሠረተው ሌላው ወግ አጥባቂ ማኅበር፣ የቅዱስ ፒዩስ 10ኛ ማኅበር፣ ከእነዚህ ጋር መደባለቅ የለበትም፤ እርሱ ብዙ ትእዛዝ ባይቀበልም የፓፓውን ስም በቅዳሴ ይጠራል።) በእኔ አስተያየት አባባሉ ለእነርሱ በልኩ የተሰፋ አይደለም። በ1378 ያጠራጠረው የምርጫው አካሄድ ነበር፣ ጥርጣሬውም ነገሥታትንና ገዳማትን ሳይቀር ለሁለት ከፍሏል፤ የእነርሱ ክርክር ግን ከምርጫው ይልቅ በትምህርቱ ላይ ስለሆነ፣ ዋናው መሠረቱ «ግልጽ መናፍቅ ሥልጣኑን በራሱ ያጣል» የሚለው ሌላ ሐሳብ ነው።

ከመካከላቸው ጥቂቶቹ መንበሩ ለዘላለም ባዶ ሊቀር አይችልም ብለው የራሳቸውን ሰው ወደ መምረጥ ተሻገሩ። በ1990 በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት ዴቪድ ባውደንን፣ ራሱና ወላጆቹ ጭምር ያሉባቸው ስድስት ሰዎች ሚካኤል 1ኛ ብለው መረጡት፤ በ1998 ደግሞ ሉቺያን ፑልቨርማኸር ፒዩስ 13ኛ ተባለ። ያን ጊዜ አብዛኞቹ «መንበሩ ባዶ ነው» ባዮች ራሳቸው ለእነዚህ መራጮች ሥልጣኑን ማን ሰጣቸው ብለው ጠየቁ፤ ባውደንም በ2022 እስኪሞት ድረስ ከጥቂት ተከታዮቹ በቀር የተቀበለው አልነበረም።