ጦር የሌላት ኮስታ ሪካ፦ የሚወራውና የሆነው

ኮስታ ሪካ በየጊዜው ፌስቡክ ላይ ብቅ ትላለች። አረንጓዴ ጫካ፣ ጥግ ላይ አንዲት ባለቀለም ወፍ፣ ከሥሩ «ጦር የሌላት፣ ጦርነት የማታውቅ አገር» የሚል ጽሑፍ። ከዚያ አስተያየቱ ይዘንባል። «ምናለ እኛም እንደነሱ...» የማይል የለም።

ምኞቱ ይገባኛል። ጽሑፉ ግን ግማሹ ብቻ ነው እውነት። ጦር የላትም፤ ልክ ነው። ጦርነት አታውቅም የሚለው ግን ስህተት ነው። እንዲያውም ጦሩ የፈረሰው ጦርነት ስለነበረ ነው። ስለዚህችው አገር ሲወሩ የምሰማቸውን ነገሮች አንድ ባንድ ላንሳቸው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

«የአሜሪካዋ ደሴት አይደለች እንዴ?»

አይደለችም። ያቺ ፖርቶ ሪኮ ናት። ኮስታ ሪካ ደሴትም አይደለች፣ የአሜሪካ ግዛትም አይደለች። በኒካራጓና በፓናማ መሀል ያለች ራሷን የቻለች አገር ናት፤ ዋና ከተማዋ ሳን ሆሴ ነው።

ከስፔን ነጻ የወጣችው በ1821 ነው። ነጻነቱ የታወጀው ሴፕቴምበር 15 ቀን ጓቲማላ ከተማ ውስጥ ነበር። ወሬው ኮስታ ሪካ የደረሰው ግን አንድ ወር ገደማ ቆይቶ ነው። ሰዎቹ ነጻ መውጣታቸውን ሳይሰሙ የስፔን ተገዢ ነን ብለው ሰነበቱ ማለት ነው።

«ሕዝቡ ሰላም ወዳድ ስለሆነ ጦሩን በተነ»

ዋናው ተረት ይሄ ነው።

ፌብሩዋሪ 1948 ምርጫ ተደረገ። ኦቲሊዮ ኡላቴ የተባለ የጋዜጣ ሰው የቀድሞውን ፕሬዝዳንት ራፋኤል ካልዴሮንን አሸነፈ ተባለ። የካልዴሮን ወገኖች የበዙበት ምክር ቤት ማርች 1 ላይ ውጤቱን ሰረዘው። አሥራ አንድ ቀን ቆይቶ ሆሴ ፊጌሬስ የሚባል ባለ እርሻ ጦርነት ከፈተ። የእርሻው ስም «ማብቂያ የሌለው ትግል» ነበር። ስሙን ያወጣለት ከጦርነቱ ብዙ ዓመት በፊት ነው፤ ትንቢት ይመስላል። መሣሪያ ከጓቲማላ በአውሮፕላን መጣለት። ውጊያው 44 ቀን ፈጀ። የሞቱት ብዙውን ጊዜ 2 ሺህ ይባላሉ። ያኔ የአገሪቱ ሕዝብ ወደ 800 ሺህ ብቻ ስለነበር ቁጥሩ ቀላል አይደለም።

ፊጌሬስ አሸነፈ። ግን ሥልጣኑን ወዲያው ለኡላቴ አላስረከበም። ጊዜያዊ መንግሥት አቋቁሞ 18 ወር አገሪቱን በአዋጅ ገዛ። ዲሴምበር 1 ቀን 1948 ሳን ሆሴ መሀል ወዳለው የቤያቪስታ የጦር ሰፈር ሄደ፤ ትልቅ መዶሻ አንስቶ ግንቡን መታ። ጦሩ ፈረሰ ተባለ፤ ሰፈሩም ሙዚየም እንዲሆን ተሰጠ።

ለምን አፈረሰው? እስቲ በእሱ ቦታ ሆነን እናስበው። ያ ጦር ትንሽ ነው፤ ያውም የተሸነፈው ወገን ጦር ነው። ዛሬ ሰላምታ ይሰጥሃል፣ ነገ ምን እንደሚያደርግ አታውቅም። አገሪቱ ደግሞ ያየችው አለ። በ1917 የጦር ሚኒስትሩ ፌዴሪኮ ቲኖኮ የራሱን ፕሬዝዳንት ገልብጦ ሁለት ዓመት ገዝቷል። ፊጌሬስ ይህን ያውቃል። ስለዚህ ጦሩን መበተን ቅድስና ብቻ ሳይሆን ብልጠትም ነበር።

ስጋቱም ባዶ አልነበረም። ጦሩ ይበተን የሚለውን ሐሳብ ያቀረበው የጸጥታ ሚኒስትሩ ኤድጋር ካርዶና ነው። ይኸው ሰውዬ በአራተኛው ወር፣ ኤፕሪል 1949 ላይ፣ ራሱ መፈንቅለ መንግሥት ሞከረ! ከሸፈበት።

በዚያው ዓመት የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 ላይ ቋሚ ጦርን ከለከለ። ፖሊስ ግን አለ፤ ድንበር ጠባቂም አለ። ጦር የለም ማለት መሣሪያ የያዘ ሰው የለም ማለት አይደለም።

የቤያቪስታ ግንብ ዛሬም ቆሟል። ማማዎቹ ላይ የጥይት ቀዳዳዎች ይታያሉ። ከወፏ ፎቶ ይልቅ ያንን ግድግዳ ቢለጥፉልን ደስ ይለኝ ነበር።

«ፊጌሬስ ኮሚኒስቶቹን አጥፍቶ የሀብታሞቹን መንግሥት መለሰ»

እዚህ ነገሩ ይወሳሰባል። ካልዴሮን ካቶሊክ ሐኪም ነበር። ግን ከኮሚኒስቱ መሪ ከማኑኤል ሞራ ጋር ወዳጅነት ገጠመ፤ ሊቀ ጳጳሱ ቪክቶር ሳናብሪያም መረቁት። ጳጳስና ኮሚኒስት በአንድ ገበታ! የማኅበራዊ ዋስትናውና የሠራተኛ ሕጉ የመጡት በዚያ ዘመን ነው።

ፊጌሬስ እነሱን ወግቶ የኮሚኒስቶቹን ፓርቲ አገደ። እገዳው እስከ 1975 ቆየ። በዚያው መዶሻ ባነሳበት ዲሴምበር፣ ሊሞን አውራጃ ውስጥ ባቡር መስመር ዳር፣ ስድስት እስረኞች ተረሽነዋል። ቦታው «የሰይጣን ክርን» ይባላል። ይህን ፌስቡክ ላይ አታገኙትም።

ግን ደግሞ የተሸነፉትን ሰዎች ሕጎች አልነካቸውም። ባንኮችን ወረሰ፣ በሀብት ላይ አሥር በመቶ ግብር ጣለ። ሴቶችም የመምረጥ መብት ያገኙት በ1949ኙ ሕገ መንግሥት ነው። ቀኝ ነው ግራ ብሎ ለሚጠይቅ ቀላል መልስ የለኝም።

«ጦር ስለሌላት የሚነካት የለም»

ተነክታለች። መዶሻው ካረፈ አሥር ቀን እንኳ በቅጡ ሳይሞላ የካልዴሮን ሰዎች ከኒካራጓ ተነስተው ድንበር ጥሰው ገቡ። በ1955 ደግመው መጡ፤ ከኋላቸው የኒካራጓው አምባገነን ሶሞዛ ነበር። ኮስታ ሪካ ሁለቱንም ጊዜ ወደ አሜሪካ አገሮች ድርጅት ጮኸች። በሁለተኛው ጊዜ ዋሽንግተን አራት የጦር አውሮፕላኖች ሸጠችላት፤ የአንዱ ዋጋ አንድ ዶላር!

ከዚህ ተነስቶ «አሜሪካ ስለምትጠብቃት ነው እንጂ» የሚል አለ። በከፊል እውነት ነው። ግን አሜሪካ ሁልጊዜ ጠባቂ አልነበረችም። በ1980ዎቹ የኒካራጓን መንግሥት የሚወጉት ኮንትራዎች በሰሜን ኮስታ ሪካ በኩል ይንቀሳቀሱ ነበር። ሳንታ ኤሌና የሚባል ቦታ ላይ ስንቅና መሣሪያ የሚያቀብሉበት ድብቅ የአውሮፕላን ማረፊያ ተሠራላቸው። ፕሬዝዳንት ኦስካር አሪያስ በ1986 ሥልጣን እንደያዘ አስዘጋው። በዓመቱ የአምስት የመካከለኛው አሜሪካ አገሮችን መሪዎች አንድ የሰላም ስምምነት ላይ አስፈረመ፤ የኖቤል ሽልማቱም የመጣው ያን ዓመት ነው። ዋሽንግተን በእቅዱ ደስተኛ አልነበረችም።

«የእኩል ነጭ ገበሬዎች አገር ናት»

ይህን የሚያወሩት ራሳቸው ኮስታ ሪካውያን ናቸው፤ ትምህርት ቤትም ለረጅም ጊዜ ሲያስተምረው ኖሯል። ሐቁ ግን ሌላ ነው። በቅኝ ግዛት ዘመን ማቲና የተባለው አካባቢ የካካዎ እርሻ ላይ ባሪያ የተደረጉ አፍሪካውያን ይሠሩ ነበር። ነባሮቹ ሕዝቦችም፣ እንደ ብሪብሪ ያሉት፣ ዛሬም መሬታቸውን ለማስመለስ ይታገላሉ።

በአትላንቲክ በኩል ያለችው ሊሞን ደግሞ የራሷ ታሪክ አላት፤ መነሻው ቡና ነው። አዎ፣ ከኛ አገር የተነሳው ቡና። የደጋው ቡና ነጋዴዎች ምርታቸውን በአትላንቲክ በኩል ወደ አውሮፓ ለመላክ ባቡር ፈለጉ። ማይነር ኪት የተባለው አሜሪካዊ ሐዲዱን ሲዘረጋ ከ320 ሺህ ሄክታር የማያንስ መሬት ተሰጠው። ሙዝ ተከለበት። ዩናይትድ ፍሩት የተባለው የሙዝ ኩባንያ ከዚያ ወጣ። ጉልበቱ በአብዛኛው የጃማይካውያን ነበር።

በ1910 ገደማ ከነዚያ ጃማይካውያን አንዱ ሊሞን ውስጥ የሠራተኛ ሰዓት ይመዘግብ ነበር። ስሙ ማርከስ ጋርቬይ ይባላል። ሻሸመኔ ያሉት ራስ ተፈሪያውያን ስሙን ሲያነሱ የሰማ ሰው ያውቀዋል። ኋላ የመሠረተው የጥቁሮች ማኅበር መዝሙር ውስጥ ኢትዮጵያ በስሟ ትጠራለች፤ ማኅበሩ ሊሞን ውስጥም ቅርንጫፍ ነበረው።

ለእነዚህ ሰዎች አገሪቱ ብዙም ደግ አልነበረችም። ኩባንያው እርሻውን ወደ ፓስፊክ ዳርቻ ሲያዞር፣ በ1934 የወጣው ሕግ ጥቁሮች እዚያ እንዳይቀጠሩ ከለከለ። ሕጉ የተሻረው፣ እዚያው የተወለዱትም ዜግነት ያገኙት በ1949 ነው። በ1953 አሌክስ ከርሊንግ የመጀመሪያው ጥቁር የምክር ቤት አባል ሆነ።

«ወንጀል የሌለባት ገነት»

በ2023 ከ900 በላይ ሰው ተገደለ። እስከዚያ ድረስ ያልታየ ቁጥር ነው፤ የሕዝቡ ብዛት ከአምስት ሚሊዮን ብዙም አይበልጥም። ምክንያቱ በአብዛኛው ኮኬይን ነው። ከደቡብ ይመጣል፣ በወደብ በኩል ወደ አውሮፓና አሜሪካ ይወጣል። አሁንም የከፋው ሊሞን አካባቢ ነው፤ ሞይን የሚባለው ትልቁ የኮንቴይነር ወደብ ያለው እዚያ ነው። የሳን ሆሴ ፖለቲከኞች የሚጨቃጨቁትም በጦር ጉዳይ አይደለም። ፖሊስ ስንት ይጨመር፣ ዳኞች ተጠርጣሪዎችን ለምን ቶሎ ይለቃሉ፣ ሙዝና አናናስ የጫነው ኮንቴይነር ሁሉ በስካነር ይለፍ ወይስ አይለፍ ነው ነገሩ።