«በሩን ከዘጋን ምሥጢሩ ተጠበቀ»፦ በሐዋሳ ስለ ሥነ ልቦና ምክር ቢሮ የሚሰሙ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የሥነ ልቦና ምክር ቢሮ ሲከፈት ብዙው ጭንቀት ስለ ኪራይ፣ ስለ ሶፋና ስለ ታፔላ ነው። ተገልጋይን የሚጎዳው ግን ሌላ ቦታ ይደበቃል፦ በበር ሥር፣ በስልክ መልእክት፣ በአስተርጓሚው ወንበር። ሐዋሳ ደግሞ ብትሰፋም ሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት፤ ፒያሳ የታየ ማታ ታቦር ይወራል።

«በሩ ተዘግቷል፤ ማንም አይሰማም»

ብዙ ቢሮዎች አንድ ሰፊ ክፍል በቺፑድ ተከፍሎ የተሠሩ ናቸው። ቺፑዱ ኮርኒሱ ጋ ሲደርስ ያበቃል፤ ድምፅ ግን ከኮርኒሱ በላይ አልፎ ቀጣዩ ክፍል ይወርዳል። መፈተሻው ቀላል ነው፦ አንዱ ውስጥ ሆኖ በወትሮው ድምፅ ጋዜጣ ያንብብ፣ ሌላው መጠበቂያው ወንበር ላይ ተቀምጦ ያዳምጥ። አንድ ቃል እንኳ ከለየ ክፍሉ ገና ነው። ክፍልፋዩን እስከ ጣሪያው ማድረስ፣ በበሩ ሥር ጎማ መግጠምና መጠበቂያው ውስጥ ሬዲዮ መክፈት አብዛኛውን ችግር ያቃልላል። የሐዋሳ ሙቀት መስኮት ማስከፈቱ አይቀርም፤ መስኮቱ ወደ ኮሪደር ወይም ወደ ጀበና ቡና የሚከፈት ክፍል ለምክር አይመረጥ። አማራጭ ከሌለ መስኮቱ ተዘግቶ ቬንትሌተር ይሠራ።

የቀጠሮ አያያዝም የምሥጢር ጉዳይ ነው። የ50 ደቂቃ ንግግርና የ10 ደቂቃ ክፍተት የተለመደ ነው፤ እንደ እኛ ባለ ከተማ ግን ወጪና ገቢው ደረጃ ላይ እንዳይገጣጠሙ 20 ደቂቃ ይሻላል። የቀጠሮ ካርዱ ላይ «ከሰዓት በኋላ 8፡00» ተብሎ በእኛ አቆጣጠር ይጻፍ። ከስልክ የተገለበጠ «2፡00» አንዱን ጠዋት፣ ሌላውን ከሰዓት አምጥቶ ሁለቱን በር ላይ ያገናኛል።

ከሁሉ የሚብሰው ስልክ ነው። «የሥነ ልቦና ቀጠሮዎ ነገ ነው» የሚል መልእክት ስልኩ ላይ ባልየው ወይም አማትየዋ ካዩት ነገሩ ያኔ አበቃ። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ሦስት ጥያቄዎች ይጠየቁ፦ በዚህ ቁጥር መደወል ይቻላል? ሌላ ሰው ቢያነሳ ምን እንበል? መልእክት እንላክ ወይስ አንላክ? በቴሌብር ሲከፈል የተቀባዩ ስም ማረጋገጫው ላይ ስለሚወጣ፣ የክፍያ ሒሳቡ የአገልግሎቱን ዓይነት በማይናገር ስም ቢከፈት ይመረጣል። ለሥራ የተለየ ሲም ካርድ መያዝም ግድ ነው፤ ተገልጋይ በግል ስልክ ላይ ሲመዘገብ ቴሌግራም የባለሙያውን የቤተሰብ ፎቶ ሊያሳየው ይችላል።

ፋይል በስም ሳይሆን በቁጥር ይቀመጥ፤ ስምና ቁጥሩን የሚያገናኘው ዝርዝር በሌላ የሚቆለፍ መሳቢያ ይሁን። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ በጨዋነት ብቻ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም።

«ምሥጢር ማለት ምንም ቢሆን አለመናገር ነው»

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ የሙያ ምሥጢር ማውጣትን ያስቀጣል። ይሁንና ምሥጢር ገደብ አለው፦ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲሆን፣ ሕፃን ሲጎዳ፣ ፍርድ ቤት ሲያዝ። ይህ መነገር ያለበት ተገልጋዩ አፉን ሳይከፍት ነው፤ ከተናገረ በኋላ ቢነገረው ክህደት ይሆንበታል። ገደቡ ላይ ሲደረስም የሚገለጠው ለሚመለከተው አካል፣ አስፈላጊው ብቻ ነው።

ዘመድ ደውሎ «መጥታ ነበር እንዴ?» ቢል «ማን እንደሚመጣ አንናገርም» ይባላል፤ ሴትየዋ መጥታ ባታውቅም መልሱ ያው ነው። ክፍያውን የሸፈነው እሱ ቢሆንም እንዲሁ። እንግዳ ተቀባይዋ ይህን መልስ በቃሏ ካላጠናች የባለሙያው ጥንቃቄ ከንቱ ነው።

«ስለ ሞት ከጠየቅነው ሐሳቡን እንሰጠዋለን»

ጥናቶች ይህን አይደግፉም፤ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባም፣ ብዙዎችን ያሳርፋል እንጂ። «ሕይወትዎን ለማጥፋት አስበው ያውቃሉ?» ተብሎ በግልጽ ይጠየቅ። አዎ ካሉ፦ መቼ፣ እንዴት፣ ከዚህ በፊት ተሞክሮ እንደሆነ፣ ቤት ውስጥ ማን እንዳለ። ቀጥሎ አንድ ገጽ የደኅንነት ዕቅድ አብሮ ይጻፋል፦ የሚቀድሙ ምልክቶች፣ ብቻ ሆኖ ማድረግ የሚቻለው፣ ሐሳብን የሚያስቀይር ቦታና ሰው፣ እርዳታ የሚጠየቅ ዘመድ፣ ባለሙያና 907 አምቡላንስ። በመጨረሻ ተገልጋዩ ሲስማማ ፀረ ተባይና መድኃኒት በዘመድ እጅ ይቆለፋሉ። «ራሴን አልጎዳም» ብሎ ማስፈረም ግን ቢሮውን ያረጋጋ እንደሆነ እንጂ ሰውየውን እንደሚጠብቅ ማስረጃ የለም። አደጋው ከፍ ያለ ከሆነ «ሪፈራል ሆስፒታል ሂድ» ብሎ መሸኘት አይበቃም፤ አብሮት የሚሄድ ሰው ይገኝ፣ ለተቀባዩ ሐኪምም አስቀድሞ ይደወል።

«ዘመድ ቢያስተረጉም ይሻላል»

ሐዋሳ ውስጥ ሲዳምኛ ወይም ወላይትኛ ብቻ የሚናገር ሰው መምጣቱ የዘወትር ነው። እህት ስታስተረጉም የሚያሳፍረውን ትዘላለች፣ ምክርም ትጨምራለች። ልጅ ለወላጁ ፈጽሞ አያስተርጉም። አስተርጓሚው ከሌላ ሰፈር ይሁን፤ ምሥጢር ለመጠበቅ ይፈርም፤ ከመጀመሩ በፊት 10 ደቂቃ ይነገረው፦ «እሷ እንዲህ ትላለች» ሳይሆን «እኔ» እያለ ይተርጉም፣ ምንም አይጨምር፣ ያልገባውን ይጠይቅ። ወንበሩ ከተገልጋዩ ጎን ትንሽ ወደ ኋላ ይሁን፤ ዓይን ለዓይን መተያየት ያለባቸው ባለሙያውና ተገልጋዩ ናቸው። ሰዓቱም እጥፍ ገደማ ይያዝ። መስማት ለተሳነው ሰው ወረቀትና እስክሪብቶ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚን አይተኩም።

«ሁሉንም እንቀበላለን፤ ስለዚህ አካታች ነን»

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሊፍት በሌለበት ሕንፃ የተለጠፈ «ሁሉንም እንቀበላለን» ዋጋ የለውም። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ መግቢያ እንዲኖረው ካዘዘ ቆይቷል። ለእያንዳንዱ 1 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሳንቲ ሜትር ተዳፋት መወጣጫ ቢያዝ፣ 15 ሳንቲ ሜትር ደፍ 1.80 ሜትር ይፈልጋል። ማሠራት ካልተቻለ በሳምንት አንድ ቀን ምድር ወለል ላይ ክፍል መከራየት ይቻላል። ማንበብ ለማይችል ተገልጋይ ስምምነቱ ይነበብለት፤ በራሱ አባባል መልሶ ከተናገረው በኋላ ጣቱን ያሳርፍ። የዋጋ ቅናሽም በዕለቱ ርኅራኄ ሳይሆን አስቀድሞ በተጻፈ መስፈርት ይሰጥ።

«ጸበል ከሄደ የእኛ ሥራ አበቃ»

«ጸበል ወይስ ሕክምና» ብሎ ማስመረጥ ሰውን ዝም ያሰኛል፤ ብዙ ጊዜም መድኃኒቱን በድብቅ ያስቆማል። ጸበልም ሆነ ጸሎት ቤት፣ ጥያቄው «ክኒኑን እየወሰዱ ነው? ጾሙስ? የት ይተኛሉ? የሚያስር ወይም የሚመታ አለ?» መሆን አለበት። ባለሙያው የራሱን እምነት አይስበክ፤ የተገልጋዩንም አያጣጥል።

«ስጦታ መመለስ ነውር ነው»

አንድ ስኒ ቡና ወይም ትንሽ ቅቤ ሌላ፣ ገንዘብና ውድ ዕቃ ሌላ። ደንቡ በመጀመሪያው ቀን ከተነገረ የሚቀየም አይኖርም። ከተገልጋይ ጋር ዕቁብ መግባት ግን አይሆንም። ሐይቁ ዳር ባለው አሞራ ገደል ወይም ለቅሶ ላይ መገናኘት ስለማይቀር፣ ቀድሞ ሰላም የሚለው ተገልጋዩ እንዲሆን ይስማሙ።

«ቢሮው የእኔ ነው፤ ፋይሉም የእኔ»

ባለሙያው ድንገት ቢታመም ወይም ቢሞት ፋይሉን የሚከፍተው ቤተሰቡ ይሆናል። አንድ የሙያ ባልደረባ በጽሑፍ ይወከል፦ ቁልፉ የት እንዳለ፣ ለተገልጋዮች ማን እንደሚደውል፣ ምን እንደሚላቸው፣ ወደ ማን እንደሚልካቸው ይጻፍ። ተገልጋዮችም ይህን ሰው በስም ይወቁት።