የትራንስፎርመርስ መጫወቻዎች አመዳደብ፦ ለጅማ አፍቃሪዎች የተዘጋጀ አጠቃላይ ዳሰሳ

ትራንስፎርመርስ የአሜሪካው ሃዝብሮ ከጃፓኑ ታካራ ጋር ሆኖ በ1984 ለገበያ ያወጣቸው መጫወቻዎች ናቸው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ሮቦቱ ሲታጠፍ መኪና፣ አውሮፕላን፣ የቤት ዕቃ ወይም እንስሳ ይሆናል። ጅማ ላይ፣ ሄርማታ መርካቶ አካባቢ ከሚሸጡት ተቀያያሪ ሮቦቶች አብዛኞቹ የታወቀ ስም የላቸውም። ኦሪጅናሉ ከመጣም በዘመድ ሻንጣ ነው፤ ያውም ካርቶኑ ተጥሎ። ስለዚህ የእኛ ከተማ አፍቃሪ ካርቶን አይቶ መፍረድ አይችልም። መጫወቻውን ራሱን ገልብጦ ማየት አለበት።

የመጀመሪያው ጥያቄ ትራንስፎርመር የሚባለው የቱ ነው የሚለው ነው። ብዙ ሰው መቀየሩ በቂ ይመስለዋል፤ አይደለም። በ1990 የወጡት አክሽን ማስተርስ ሮቦቶቹ ራሳቸው አይቀየሩም፤ ሆኖም ከትራንስፎርመርስ ይቆጠራሉ። በተቃራኒው የቶንካ ኩባንያ ጎቦትስ ይቀየራሉ፤ ትራንስፎርመርስ ግን አይደሉም። ሃዝብሮ በ1991 ቶንካን ስለገዛ ጎቦትስን አብረው የሚቆጥሩ አሉ። ይህ ስህተት ነው። መጫወቻው ሲወጣ በማን ፈቃድና በምን ስም እንደወጣ ነው የሚታየው።

አመዳደቡን በደንብ ለመረዳት የ1984 እና የ1985 መጫወቻዎችን ማወቅ ግድ ነው። እነዚያ ሮቦቶች ለትራንስፎርመርስ ተብለው አልተሠሩም። ታካራ ቀደም ሲል ዲያክሎን እና ማይክሮ ቼንጅ የሚባሉ ሁለት የመጫወቻ መስመሮች (በአንድ ስም የሚወጡ ተከታታይ መጫወቻዎች) ነበሩት። ዲያክሎን በ1980 የተጀመረ ሲሆን መኪኖቹ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነች ትንሽ ሹፌር የምትቀመጥባቸው ነበሩ። የቀድሞዎቹ የአውቶቦት (የደጎቹ ሮቦቶች ወገን) መኪኖች ውስጥ ወንበር የሚታየው ለዚህ ነው፤ ሃዝብሮ ሹፌሯን አስቀርቶ መኪናውን ወሰደ። ኦፕቲመስ ፕራይም፣ ያ ቀይ የጭነት መኪና ከነተሳቢው፣ ከዲያክሎን የመጣ ነው። ማይክሮ ቼንጅ በ1983 ሲወጣ ሐሳቡ ሌላ ነበር፦ ቤት ውስጥ ያለ ዕቃ በትክክለኛ መጠኑ ሮቦት ይሁን የሚል። ሜጋትሮን ዋልተር ፒ38 ሽጉጥ፣ ሳውንድዌቭ ቴፕ፣ ፐርሴፕተር ማይክሮስኮፕ የሆኑት ከዚህ ተነስቶ ነው። ባምብልቢም፣ ቢጫዋ ቮልስ፣ መነሻዋ ማይክሮ ቼንጅ ነው፤ ቅርጿ እጥር ምጥን ያለውም የትንሽ መጫወቻ መኪና መልክ ይዛ ስለተሠራች ነው። የሽጉጡና የጭነት መኪናው መጠን ለምን አይመጣጠንም ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ እዚህ አለ። ስማቸውንና የሕይወት ታሪካቸውን ደግሞ በአብዛኛው የጻፈው የአሜሪካው የኮሚክ መጽሐፍ አሳታሚ የማርቭል ባልደረባ ቦብ ቡዲያንስኪ ነው።

የታካራ ያልሆነም ገብቷል። የ1985ቱ ጄትፋየር የታካቶኩ ኩባንያ ማክሮስ ለሚባለው የጃፓን የካርቱን ፊልም የሠራው አውሮፕላን ነበር። ቢሆንም ማንም አፍቃሪ ከትራንስፎርመርስ አያወጣውም፤ በሃዝብሮ ፈቃድና ስም ወጥቷልና።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ሞልድ ነው፤ የቀለጠ ፕላስቲክ የሚቀዳበት የብረት ቅርጽ ማለት ነው። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ በእጅ ስለሚፈለፈል ሁለቱ አንድ አይሆኑም። ፕላስቲክ ግን ከአንድ ሞልድ ሺህ ጊዜ አንድ ዓይነት ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ቀለሙ ብቻ የተለወጠውንና ቅርጹ የተነካውን ለይቶ መያዝ ያስፈልጋል። ስታርስክሪም፣ ተንደርክራከርና ስካይዋርፕ በ1984 የወጡ ኤፍ-15 አውሮፕላኖች ናቸው። ሞልዳቸው አንድ፣ ቀለማቸው ሦስት ነው። አፍቃሪዎች ይህን ሪዴኮ ይሉታል። በ1985 የመጡት ራምጄት፣ ደርጅና ትረስት ከዚያው ሞልድ ተነስተው ክንፋቸው ተለውጧል፤ እነዚህ ሪቱል ይባላሉ። ቀለም ብቻ አይቶ ስታርስክሪም ነው ማለት የጀማሪ ነገር ነው። ክንፉን ማየት ይገባል።

እግሩ ሥር ወይም ጀርባው ላይ የተቀረጸው ዓመት ብዙ ሰው ያሳስታል። ያ ዓመት የሚናገረው ስለ ሞልዱ ባለቤትነት ነው፤ መጫወቻው ከፋብሪካ የወጣበትን ቀን አይደለም። በ1984 ከተሸጡት ላይ ከዚያ የቀደመ ዓመት የሚገኘውም ለዚህ ነው። ከ1985 ጀምሮ ደግሞ በጣት ሲታሽ ሞቆ የአውቶቦትን ወይም የዲሴፕቲኮንን (የክፉዎቹን ወገን) ምልክት የሚያሳይ ስቲከር ተጨመረ። ከተመሳሳዮች መለያ ሆኖ አገልግሏል። ስቲከሩ ስለሚላጥ ግን አለመኖሩ ብቻውን ፎርጅድ መሆኑን አያሳይም።

ከ1986 በኋላ ጭንቅላታቸው ተነቃይ የሆኑ፣ ቅርፊት የለበሱና በጣም ትንንሽ ሮቦቶች ተከታትለው ወጡ። በ1993 ጄኔሬሽን 2 ሲመጣ የቀደመው ጄኔሬሽን 1 መባል ጀመረ።

በ1996 ቢስት ዋርስ የሚባለው የትራንስፎርመርስ መስመር እንስሳቱን ይዞ ሲመጣ በመጠን መመደብ ተጠናከረ፦ ቤዚክ፣ ዴሉክስ፣ ሜጋ፣ አልትራ። ዛሬ ኮር፣ ዴሉክስ፣ ቮዬጀር፣ ሊደር፣ ኮማንደርና ታይታን የሚሉት ይበዛሉ። ዴሉክስ 14፣ ቮዬጀር 18 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የ2013ቱ ሜትሮፕሌክስ፣ የመጀመሪያው ታይታን፣ 60 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ምድቡ ግን ከቁመቱ ይልቅ ዋጋውንና ለክፍሎቹ የተመደበውን ወጪ ይከተላል። አንዳንዱ ሊደር ከቮዬጀር ብዙም የማይበልጠው፣ የተቀረው ወጪ ወደ ተጨማሪ ዕቃው ስለሚሄድ ነው። ታካራ በ2003 የጀመረው ማስተርፒስ ግን ለአዋቂ ታስቦ የሚሠራ ስለሆነ ለብቻው ይያዛል።

የሚያከራክረው ያለፈቃድ የተሠራው ነው። የሌላውን ሞልድ ቀድቶ የሚሸጠው ፎርጅድ ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ሌሎች ግን በራሳቸው ንድፍ አዲስ ሮቦት ይሠራሉ፤ ስሙን ብቻ ይለውጣሉ። አፍቃሪዎች ሦስተኛ ወገን ይሏቸዋል። አንዳንዶች ከስብስባቸው ጋር ያቆሟቸዋል፣ አንዳንዶች አይነኳቸውም፤ ምናልባት ሁለቱም የየራሳቸው ምክንያት አላቸው።

ከጅማ ገበያ የሚገዛው ስም የለሽ ሮቦትም ከመዝገብ መውጣት የለበትም እላለሁ። ብዙዎቻችን ይህን ዓለም ያወቅነው በእሱ ነው። ሞልዱ ከታወቀ «የእገሌ ሞልድ፣ ፎርጅድ» ተብሎ ይጻፋል። ካልታወቀም የሚቀየርበት የመኪና ዓይነት፣ ቀለሙ፣ ቁመቱ፣ የመገጣጠሚያዎቹና የብሎኖቹ ቦታ ይመዝገብ። ቀለም መቀባት ቀላል ነው፤ የመገጣጠሚያ ቦታ መለወጥ ግን ሞልዱን መንካት ይጠይቃል። ስለዚህ ሞልዱ በኋላ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ በመገጣጠሚያዎቹ ነው።