«ክዮ ዳኬ ዋ»፦ ለዛሬ እንኳ

ሬይኪ የሚባለውን የጃፓኖች መንፈሳዊ ፈውስ የሚማር ሰው ከሁሉ ቀድሞ ከሚሰማቸው አባባሎች አንዱ «ክዮ ዳኬ ዋ» ነው። «ክዮ» ዛሬ ነው፤ «ዳኬ» ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው «ዋ» ግን በቀላሉ አትፈታም። ብዙዎች «ዛሬን ብቻ» ብለው ያልፏታል። እኔ «እንኳ» በምትለዋ ቃላችን ብንተረጉማት እመርጣለሁ፤ «ለዛሬ እንኳ አትቆጣ»። ዕድሜ ልክህን አትቆጣ ያለህ የለም፤ የተጠየቅከው ይህችን አንዲት ቀን ነው።

ሙሉው እንዲህ ይላል፦ «ክዮ ዳኬ ዋ፣ ኢካሩ ና፣ ሺንፓይ ሱ ና፣ ካንሻ ሽቴ፣ ግዮ ኦ ሃጌሜ፣ ሂቶ ኒ ሺንሴጹ ኒ።» ለዛሬ እንኳ አትቆጣ፣ አትጨነቅ፣ አመስግን፣ በሥራህ ትጋ፣ ለሰው ደግ ሁን ማለት ነው።

ያስተማረው ሚካኦ ኡሱይ ነው። በ1865 እ.ኤ.አ. በጊፉ ተወልዶ፣ ኪዮቶ አጠገብ ባለው የኩራማ ተራራ 21 ቀን ጾሞ፣ ከ1922 ጀምሮ ቶኪዮ ላይ ሲያስተምር ቆይቶ በ1926 አረፈ። በዓመቱ ደቀ መዛሙርቱ ቶኪዮ በሚገኘው የሳይሆጂ ቤተ መቅደስ ባቆሙለት የመታሰቢያ ድንጋይ ላይ አምስቱ ምክሮች ተቀርጸዋል። ምክሩ ራሱን «የበሽታ ሁሉ መድኃኒት» ይላል። ይህ የባለቤቶቹ እምነት ነው፤ ሬይኪ በሽታ እንደሚያድን በሳይንስ አልተረጋገጠም፤ ስለዚህ በሐኪም የታዘዘለትን መድኃኒት የሚወስድ ሰው በዚህ ምክንያት አያቋርጥ።

ከምክሩ ሥር አንድ ትእዛዝ አለ፦ ጠዋትና ማታ እጅህን አጋጥመህ በልብህ አስበው፣ በአፍህም ድገመው። በአፍ ድገመው ከተባለ ደግሞ አባባሉ እንዴት እንደሚነገር ማወቅ ግድ ነው። እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ ዕድለኛ ነው እላለሁ።

እጅ ለእጅ መጋጠሙ «ጋሾ» ይባላል። «ሾ» ትጠብቃለች፤ «ጋሼ» ስንል «ሼ» እንደምትጠብቀው ማለት ነው። ማጥበቅና ማላላት ለሌለው ቋንቋ ተናጋሪ ይህ ከባድ ነው፤ እኛ «ገና»ን አላልተን አንድ ነገር፣ አጥብቀን ሌላ ነገር ስንል ነው ያደግነው። «ሺንፓይ» ሲጻፍ «ን» ይሁን እንጂ ሲነገር «ሺምፓይ» ነው፤ እኛም «ወንበር» ብለን ጽፈን «ወምበር» እንላለን። «ሽቴ» ላይ ያለችው «ሽ» ሳድስ ናት ብትባል ይቀላል፤ ጃፓኖች አናባቢዋን ሊውጧት ምንም አይቀራቸውም። «ሺንሴጹ» ላይ ግን ፊደላችን ያሳስታል። መዳፍህን ከአፍህ ፊት አድርገህ «ጸሎት» በል፤ ድምፁ ጉሮሮ ላይ ታፍኖ ይፈነዳል። የጃፓኖቹ «ጹ» እንዲህ አትፈነዳም፤ «ት» እና «ሱ»ን በአንድ ትንፋሽ እንደማያያዝ ናት። «ፓ»ም እንዲሁ «ጳጳስ» ላይ ያለችው «ጳ» አይደለችም።

የሚከብደን ማስረዘሙ ነው። አማርኛ አናባቢ አስረዝሞ ትርጉም አይለይም፤ ስለዚህ «ኪ-ዮ» ብለን ለሁለት እንሰብራታለን። ትክክለኛዋ «ክዮኦ» ናት፤ «ክ» እና «ዮ» በአንድ ላይ ይወጡና «ኦ» ትሳባለች። ቶኪዮ የምንላት ከተማም በአገሯ «ቶኦክዮኦ» ናት።

ከሁሉ ይበልጥ ልብ ማለት የሚያስፈልገው «ግዮኦ» ላይ ነው። የተጻፈችበት ምልክት ከአንድ በላይ ንባብ አላት። «ግዮኦ» ስትባል ሥራ፣ ሙያ ናት፤ «ጎኦ» ስትባል ግን በቡድሃ እምነት ካርማ የሚባለው፣ ሰው ሠርቶ የሚከተለው የምግባሩ ዕዳ ትሆናለች። «ዮ»ን የዋጠ ሰው «በሥራህ ትጋ» የሚለውን ምክር ወደ ካርማ ወሰደው ማለት ነው፤ ኡሱይ ግን የሚያወራው ጠዋት ተነስተህ ስለምትሄድበት ሥራ ነው።