አስገዳጅ ደረጃ ያለበት ዕቃ ድሬዳዋ ሲገባ

ድሬዳዋን የቆረቆራት ባቡር ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። አዲስ አበባ እስኪገባ ግን 15 ዓመት ፈጅቷል። በእነዚያ ዓመታት አብዛኛውን ጊዜ በባቡር የመጣው የመሀል አገሩ ዕቃ ድሬ ላይ ይራገፍ ነበር። ከተማዋ ከተፈጠረች ጀምሮ አስመጪና ትራንዚተር (የጉምሩክ ሥነ ሥርዓቱን የሚያስፈጽም ወኪል) አጥታ አታውቅም። ዛሬም ከኢትዮጵያ የገቢ ዕቃ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የሚመጣው በጅቡቲ በኩል ነው። ከጅቡቲ እስከ ድሬ ያለው መንገድ ደግሞ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ቅርበቱ ግን ሁሉን ነገር አያቀልም። ዕቃው በአንድ ሌሊት ሊደርስ ይችላል፤ ወረቀቱ ካልተስተካከለ ደረቅ ወደብ (የገቢ ዕቃ የሚራገፍበት የመሀል አገር ወደብ) ላይ ወር ይከርማል። ብዙ ጊዜ ወረቀቱን የሚያጎድለው ደግሞ የዕቃው የጥራት ደረጃ ጉዳይ ነው።

የኢትዮጵያ ደረጃዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ በፈቃደኝነት የሚተገበር ነው። አምራቹ ቢከተለው ይጠቀማል፣ ባይከተለው አይከሰስም። ሌላው አስገዳጅ ነው። የሰው ጤናን፣ ደኅንነትን ወይም አካባቢን የሚነካ፣ ወይም ሸማቹ በቀላሉ ሊታለልበት የሚችል ዕቃ ሲሆን ደረጃው ግዴታ ይሆናል። አገር ውስጥ ቢመረትም ከውጭ ቢገባም ሕጉ አንድ ነው። ሲሚንቶ፣ ፌሮ፣ የጣሪያ ቆርቆሮ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ ክብሪት፣ የምግብ ዘይት፣ የስንዴ ዱቄትና የታሸገ ውሃ የታወቁት ምሳሌዎች ናቸው። ዝርዝሩ በየጊዜው ይረዝማል። ስለዚህ አምና ያለ ጥያቄ የገባ ዕቃ ዘንድሮም እንዲሁ ይገባል ብሎ መተማመን አያዋጣም።

ማን ምን ይሠራል የሚለው ብዙ ሰውን ያምታታል። እስከ 2003 ዓ.ም. ሁሉንም የሚሠራው አንድ የጥራትና ደረጃዎች ባለሥልጣን ነበር። በዚያ ዓመት ለአራት ተከፈለ። ደረጃ የሚያወጣው ለብቻ፣ የመለኪያ መሣሪያዎችን ልክነት የሚያረጋግጠው ለብቻ፣ ለላቦራቶሪዎች ዕውቅና የሚሰጠው ለብቻ፣ ናሙና ወስዶ የሚመረምረው ለብቻ ሆነ። መርማሪው የኢትዮጵያ ተስማሚነት ምዘና ድርጅት ይባላል፤ ድሬዳዋም ቅርንጫፍ አለው። ደረጃ ያወጣው አካል ራሱ መርማሪ አለመሆኑ ጥሩ ነገር ነው። ለነጋዴው ግን የሚያንኳኳው በር በዝቶበታል። በገቢ ዕቃ ላይ አስገዳጅ ደረጃን የሚያስፈጽመው የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ነው። ምግብ፣ መድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ድርሻ ነው፤ ሥልጣኑም በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ተቀምጧል። ጉምሩክ ደረጃ አያወጣም። የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ካልፈቀደ ግን በሩን አይከፍትም።

ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የኤሌክትሮኒክ አንድ መስኮት አገልግሎት ሥራ ስለጀመረ ፈቃድ የሚጠየቀው በኮምፒውተር ነው። ከቢሮ ቢሮ ፋይል ይዞ መሮጡ ቀንሷል። ናሙና መውሰዱንና ላቦራቶሪውን ግን ኮምፒውተር አይተካውም።

የጉዳዩ ቁልፍ ያለው ፕሮፎርማው (ሻጩ ከግዢ በፊት የሚልከው የዋጋ ሰነድ) ላይ ነው። የሠለጠነ አስመጪ ለሻጩ የመጀመሪያውን ኢሜይል ሲጽፍ የኢትዮጵያን ደረጃ ቁጥር ይጠቅሳል። ዕቃው በዚያ ደረጃ ስለመመረቱ ማረጋገጫ ይጠይቃል፤ ኤል.ሲ. (ሰነድ ሲሟላ ባንክ ለሻጩ የሚከፍልበት ዋስትና) ሲከፍትም የምርመራ ሰርተፍኬቱን ባንኩ ከሚጠብቃቸው ሰነዶች መሀል ያስገባዋል። እንዲህ ሲሆን ሻጩ ሰርተፍኬቱን ካላቀረበ ገንዘቡን አያገኝም። «ዕቃው ይምጣ እንጂ ትራንዚተሩ ይጨርሰዋል» የሚለው ሰው ግን ከፍሎ ጨርሶ ነው የሚጨነቀው። ትራንዚተር ዲክለራሲዮን (የጉምሩክ መግለጫ ቅጽ) ይሞላል እንጂ የቀጠነ ብረት አያወፍርም።

ዕቃን ከመጫኑ በፊት እዚያው በምርት አገሩ መመርመርም የቆየ አሠራር ነው። ከቻይና ለሚመጣ ጭነት እ.ኤ.አ. በ2006 በተደረገ ስምምነት ዋጋው ከ2000 ዶላር በላይ የሆነ ዕቃ ከመጫኑ በፊት እንዲፈተሽ ተወስኖ ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው። ጓንግዡ ላይ ውድቅ የሆነ ዕቃ ፋብሪካው ይቀይረዋል። ድሬ ደርሶ ውድቅ የሆነን ዕቃ ግን ማን ይቀይረዋል?

ምርመራው ምን እንደሚመስል ለማየት ፌሮን እንውሰድ። ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ አንድ ሜትሩ 0.888 ኪሎ መመዘን አለበት። መደበኛው ዘንግ 12 ሜትር ስለሆነ አንዱ ዘንግ ወደ 10.7 ኪሎ ይጠጋል። መርማሪው ከየእስሩ ዘንግ ይመርጣል፣ ቁራጭ ያስቆርጣል፣ ርዝመቱን ለክቶ ሚዛን ላይ ያስቀምጠዋል። «12» ተብሎ የመጣው ብረት ውፍረቱ 11 ሚሊ ሜትር ከሆነ ሚዛኑ 0.746 ያሳያል። አንድ ሚሊ ሜትር ለዓይን ምንም አይደለም፤ በብረቱ ላይ ግን ወደ 16 በመቶ ጉድለት ነው። ኮለኑን (የቤቱን ምሰሶ) ያሰላው መሐንዲስ ይህን አያውቅም። ከሚዛኑ ቀጥሎ ብረቱ በማሽን እስኪበጠስ ይሳባል፣ ተጣጥፎም ይሰነጠቅ እንደሆነ ይታያል። የመጀመሪያውን ፈተና ግን ማንም ሰው በሜትርና በሚዛን መሥራት ይችላል። ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ ቢያደርገው ደስ ይለኛል።

የኤሌክትሪክ ገመድ ለድሬ ከፌሮም ይብሳል ባይ ነኝ፤ ምክንያቱ ሙቀቱ ነው። ተራው የፒ.ቪ.ሲ. ገመድ የሚሸከመው አምፔር የሚሰላው አየሩ 30 ዲግሪ እንደሆነ ተደርጎ ነው። አየሩ 40 ሲገባ የመሸከም አቅሙ ወደ 87 በመቶ ይወርዳል። ደረጃውን የጠበቀ ገመድ እንኳ ከዚህ ከተማ ሙቀት ጋር እየታገለ ነው የሚሠራው። «ባለ 2.5» (የመዳቡ የአግድም ስፋት 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር) ተብሎ የተሸጠው በውስጡ የባለ 1.5 መዳብ ብቻ ካለው፣ ኤሲውና ቬንትሌተሩ አብረው ሲለኮሱ ገመዱ ግድግዳ ውስጥ ይግላል። ላቦራቶሪው የሚለካው መዳቡ የኤሌክትሪክን ፍሰት ምን ያህል እንደሚቋቋም ነው፤ መዳቡ ሲቀጥን ቁጥሩ ይጨምራል። ባለ 2.5 ድፍን መዳብ በኪሎ ሜትር ከ7.41 ኦም መብለጥ የለበትም፤ ባለ 1.5 እስከ 12.1 ይፈቀድለታል። ገመዱ በሌላው ስም ቢሸጥ ቁጥሩ ያጋልጠዋል። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየምም ገበያ ውስጥ አይጠፋም። ጫፉን በቢላ ፋቅ ሲያደርጉት ውስጡ ነጭ ይሆናል።

ምግብ ላይ ጥያቄው ሌላ ነው። የምርት ቀኑ፣ ማብቂያው፣ ንጥረ ነገሩና ማሸጊያው ይታያል። ዘይት በቫይታሚን ኤ እና ዲ መበልጸጉ፣ ጨው አዮዲን ያለው መሆኑ ግዴታ ነው።

ዕቃው ከደረጃው በታች ሆኖ ከተገኘ ጥሩ ምርጫ የለም። ጉድለቱ የሚታረም ከሆነ፣ ለምሳሌ የመለያ ጽሑፍ ከሆነ፣ ይታረማል። ካልሆነ ወደመጣበት ይመለሳል ወይም ይወገዳል፤ ወጪውም የአስመጪው ነው። ኮንቴነሩ የቆመበት የመጋዘን ኪራይ እስከዚያው ይቆጥራል። ብዙ ሰው የሚከስረው ከዕቃው ይልቅ በዚህ ሒሳብ ነው።

ነሐሴ 2014 ዓ.ም. የተመረቀው የድሬዳዋ ነፃ የንግድ ቀጠና፣ በአገሪቱ የመጀመሪያው፣ አንዳንዱን ነጋዴ አሳስቶታል። «ነፃ» ማለት ከደረጃም ነፃ ማለት አይደለም። ቀጠናው ውስጥ ዕቃ ቀረጥ ሳይከፈልበት ሊከማች፣ ሊገጣጠም፣ ወደ ሌላ አገር ሊላክ ይችላል። ወደ አገር ውስጥ ገበያ ልውጣ ያለ ቀን ግን እንደማንኛውም የገቢ ዕቃ ይቆጠራል።

እና ኮንትሮባንዱ? ስለ ድሬ ንግድ ጽፎ እሱን መዝለል አይቻልም። ከጅቡቲም ከሶማሌላንድም በኩል በደረቅ ወደብ ሳያልፍ የሚገባ ዕቃ እንዳለ ከተማው ያውቃል። እዚሁ ድሬ ካለው ታይዋን ገበያ ስልክ ወይም ቻርጀር ልትገዛ የሄደች እናት «ኦርጅናል ነው?» ብላ ትጠይቃለች፤ ሻጩም ሁልጊዜ «አዎ እናቴ» ነው መልሱ። ስለ ኮንትሮባንድ ሲወራ ሁሌ የሚነሳው የጠፋው ቀረጥ ነው። ለኔ ግን የባሰው ዕቃውን ማንም አለመመርመሩ ነው። በቀጭን መዳብ የተሠራ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ በግመል ገባ በባቡር ገባ እሳቱ ያው ነው። በሕጋዊ መንገድ አስመጥቶ የምርመራ ክፍያ የከፈለው ነጋዴ ደግሞ ከጎኑ ካለው ርካሽ ሱቅ ጋር በዋጋ ይፎካከራል። አንዳንዱ ተስፋ ቆርጦ እሱም ያንኑ ርካሽ መግዛት ይጀምራል።

ቁጥጥሩ ድንበር ላይ አያበቃም። የንግድ ተቆጣጣሪዎች ሱቅ ገብተው ናሙና ሊወስዱ ይችላሉ። አስገዳጅ ደረጃን የማያሟላ ዕቃ ለሽያጭ ማቅረብ በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የተከለከለ ነው። ክልከላው አስመጪውን ብቻ ሳይሆን መደርደሪያ ላይ ያስቀመጠውን ቸርቻሪም ይይዛል። ስለዚህ ከጅምላ ሻጭ ፌሮም ሆነ ገመድ የሚረከብ ባለሱቅ ከደረሰኙ ጋር የምርመራ ሰርተፍኬቱን ቅጂ ቢጠይቅ መብቱ ነው። የለኝም ካሉት ዋጋው ለምን እንደወረደ መልሱን አገኘ ማለት ነው።