አሕዛብ የሚያጨበጭቡበት መዝሙር

ከመዝሙረ ዳዊት ይህን መዝሙር ከሰው ጋር ለማጥናት የተቀመጠ መጀመሪያ የሚያደናግረው ቁጥሩ ነው። አንዱ 46ን ይገልጣል፣ ሌላው 47ን። ከዚያ «የምን ማጨብጨብ ነው የምትለው? እኔ ጋ የለም» ይመጣል። የግእዙ ዳዊት የግሪኩን የሰባ ሊቃናት ትርጉም ስለሚከተል 46 ይለዋል። በዕብራይስጡ ቆጠራ 47 ነው። ሰባ ሊቃናት ዕብራይስጡ 9ኛና 10ኛ ብሎ የለያቸውን መዝሙሮች እንደ አንድ ስለቆጠሩ፣ ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ በአንድ ይቀንሳል። ስለዚህ በመነሻው መጥራት ይሻላል፦ «ኵልክሙ አሕዛብ ጥፍሑ እደዊክሙ»፣ አሕዛብ ሁላችሁ እጆቻችሁን አጨብጭቡ።

አጭር ነው። ርእሱ ካልተቆጠረ 9 ቁጥር ብቻ። ርእሱ «የቆሬ ልጆች» ይለዋል። ቆሬ በዘኍልቍ 16 በሙሴ ላይ ተነሥቶ ምድር የዋጠችው ሰው ነው። ልጆቹ ግን እንዳልሞቱ ዘኍልቍ 26፥11 ይነግረናል። የዐመፀኛው ዘር ነው እንግዲህ ስለ ንግሥና የሚዘምረው። ይህን ነገር ብዙ ሰው ዘሎት ያልፋል።

መዝሙሩን ለመረዳት ከሁሉ የሚረዳው የንግሥ በዓል አድርጎ ማንበብ ነው። በመጽሐፈ ነገሥት የነገሡ ሰዎች እንዴት እንደነገሡ አጠገቡ አስቀምጡት። የሰባት ዓመቱ ልጅ ኢዮአስ ሲነግሥ ካህኑ ዮዳሄ ዘውዱን ጫነበት፤ ሕዝቡም እያጨበጨበ «ሺህ ዓመት ይንገሥ» አለ (2ኛ ነገሥት 11፥12)። ኢዩ ሲነግሥ ባልንጀሮቹ ልብሳቸውን ከእግሩ ሥር አነጠፉና ቀንደ መለከት ነፍተው «ኢዩ ነገሠ» ብለው ጮኹ (9፥13)። አሁን ወደ መዝሙሩ ተመለሱ። ጭብጨባው አለ። እልልታው አለ። መለከቱ አለ። በዙፋን መቀመጡ አለ። የቀረው ዘውዱ ብቻ ነው። በእርግጥ እዚህ የሚነግሠውን ዘውድ የሚጭንለት ካህን አይኖርም።

ቁጥር 5 የመዝሙሩ ወገብ ነው። «ዐርገ እግዚአብሔር በይባቤ፣ ወእግዚእነ በቃለ ቀርን»፣ እግዚአብሔር በእልልታ፣ ጌታችንም በመለከት ድምፅ ዐረገ። በአማርኛ «መለከት» ስንል ብዙዎቻችን የሚታየን የነሐስ ጥሩምባ ነው። ግእዙ ግን «ቀርን» ይላል፣ ቀንድ። ዕብራይስጡም ሾፋር ነው፣ የበግ ቀንድ። እነዚሁ ሁለት የዕብራይስጥ ቃላት፣ እልልታውና የቀንዱ ድምፅ፣ ዳዊት ታቦቱን ወደ ኢየሩሳሌም ባመጣበት ታሪክ አብረው ይገኛሉ (2ኛ ሳሙኤል 6፥15)። ለዚህ ነው ብዙ ሊቃውንት «ዐረገ» የሚለውን ከታቦት ጕዞ ጋር የሚያያይዙት። ጥምቀት ላይ ታቦት ሲወጣ ቆሞ ላየ ሰው ይህ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም።

የኖርዌዩ ምሁር ሲግመንድ ሞቪንክል እ.ኤ.አ. በ1922 ከዚህም አልፎ ሄደ። እንደ እሱ አባባል፣ በጥንቷ ኢየሩሳሌም እግዚአብሔር በየዓመቱ አዲስ ዓመት ሲብት የሚነግሥበት በዓል ነበር፤ ይህ መዝሙርና ከ93 እስከ 99 ያሉት አብዛኞቹም (በዕብራይስጡ ቆጠራ) የዚያ በዓል ዜማዎች ናቸው። ክርክሩ የተነሣው ከአንድ ግሥ ነው። ቁጥር 8 «እግዚአብሔር በአሕዛብ ላይ ነገሠ» ይላል። አሁን ነገሠ ማለት ነው ወይስ ድሮም ንጉሥ ነው? ለእንግሊዝኛ ተርጓሚ ይህ ራስ ምታት ነው፣ አንዱን መምረጥ አለበት። አማርኛ ግን «ነገሠ» ብሎ ያልፋል፤ ዘውድ ደፋም፣ ገዛም ይሆናል። የሞቪንክልን ሐሳብ የሚተቹት መጽሐፍ ቅዱስ እንዲህ ያለ በዓል በስም አንድም ቦታ አይጠራም ይላሉ። ልክ ናቸው። ቢሆንም የንግሥ ሥዕሉ ከመዝሙሩ አይጠፋም፣ በዓሉ ኖረም አልኖረም።

ሌላም የሚያስገርም ቃል አለ። ቁጥር 2 እግዚአብሔርን «ታላቅ ንጉሥ» ይለዋል። ለእኛ ተራ ምስጋና ይመስላል። በዚያ ዘመን ግን የአሦር ነገሥታት መጠሪያ ነበር። የሰናክሬም መልእክተኛ ኢየሩሳሌም ቅጥር ሥር ቆሞ ሲፎክር የሚጀምረው «ታላቁ የአሦር ንጉሥ እንዲህ ይላል» ብሎ ነው (2ኛ ነገሥት 18፥19)። መዝሙሩ ማዕረጉን ገፎ ለሌላ ሰጠው ማለት ነው። ትንሽ አገር ሆኖ ይህን መዘመር ድፍረት ይጠይቃል።

አይሁድ በአዲስ ዓመታቸው በሮሽ ሃሻና፣ ሾፋር ከመነፋቱ በፊት፣ በብዙ ምኵራብ ይህን መዝሙር ሰባት ጊዜ ያነቡታል። በክርስትና ደግሞ የዕርገት መዝሙር ሆኗል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በትንሣኤ 40ኛው ቀን፣ ሁልጊዜ ሐሙስ፣ ምስባኩ (ከወንጌል ንባብ በፊት የሚዜመው የዳዊት ጥቅስ) ይኸው «ዐርገ እግዚአብሔር በይባቤ» ነው፤ ሦስተኛው መስመር «ዘምሩ ለአምላክነ ዘምሩ» ይላል። ዳዊትን በሳምንቱ ቀናት ከፍሎ ለሚደግም ደግሞ ከ31 እስከ 60 ያሉት የማክሰኞ ስለሆኑ፣ በየማክሰኞው ያገኘዋል።

ለጥናት ከሁሉ የሚከብደው መጀመሪያውንና መጨረሻውን ማስታረቅ ነው። ቁጥር 3 «አሕዛብን ከእግራችን በታች አስገዛልን» ይላል። ታዲያ የተረገጠ ሰው ለምን ያጨበጭባል? ይህን ጥያቄ አለባብሶ ማለፍ አያዋጣም፤ ድል የነሣ ወገን ድምፅ እዚያ ውስጥ አለ። መልሱ የሚጀምረው መጨረሻው ቁጥር ላይ ነው። የአሕዛብ አለቆች ተሰብስበዋል። በዕብራይስጡ የተሰበሰቡት «የአብርሃም አምላክ ሕዝብ» ሆነው ነው። ሰባ ሊቃናት ግን «ከአብርሃም አምላክ ጋር» ብለው ተረጐሙት። ልዩነቱን ያመጣው ሁለት ፊደል ያለው አንድ ቃል ነው። ዕብራይስጥ ያለ አናባቢ ሲጻፍ «ዐም» (ሕዝብ) እና «ዒም» (ጋር) አንድ ዐይነት ናቸው። አንባቢው ነው የሚለያቸው።

የመጀመሪያው ንባብ ይበልጥ ይደፍራል። እንደ እሱ ከሆነ በቁጥር 3 ከእግር በታች የነበሩት በቁጥር 9 ሕዝቡ ራሳቸው ሆነዋል። የተጠራው ስምም የያዕቆብ ወይም የዳዊት አይደለም፣ በዘፍጥረት 17 የብዙ አሕዛብ አባት የተባለው የአብርሃም ነው።